በኤምጂቢ ላይ ቪ8 ሞተር መግጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና የያዘ ሰው ውሎ አድሮ «ጠንከር ያለ ሞተር ቢገባላትስ?» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከባዱ ሥራ ግን ሞተሩ ሳይሆን በሞተሩ ዙሪያ ያለው ነገር ሁሉ ነው። ከታች ያሉት መልሶች በዋናነት ኤምጂቢ በምትባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ላይ ቪ8፣ ማለትም ስምንት ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩበት ሞተር፣ ስለ መግጠም ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ለምን ኤምጂቢ? ሌላ መኪና አይሆንም?

ይሆናል። ኤምጂቢ ግን ከ1962 እስከ 1980 አቢንግደን በሚገኘው ፋብሪካ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስለተመረተች መለዋወጫዋ እንደ ልብ ይገኛል። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ ከ1988 ጀምሮ ሙሉ አዲስ ቦዲ እንኳ ሲያመርትላት ቆይቷል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ቪ8 ሞተር በዚህች መኪና ላይ ፋብሪካው ራሱ ገጥሞ ሸጧል። ፋብሪካ አስልቶና ፈትኖ የሠራውን ሥራ መድገም ከባዶ ከመጀመር እጅግ ይቀላል።

ልማዱም የቆየ ነው። አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ በ1962 ኤሲ ኤስ በምትባለው ቀላል የእንግሊዝ መኪና ላይ የፎርድ ቪ8 አስገጠመና ኮብራ ተወለደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የሩትስ ኩባንያ ሰንቢም አልፓይንን በፎርድ ቪ8 ሞልቶ ታይገር ብሎ ሸጣት። ታይገር ላይ ቦታው በጣም ከመጥበቡ የተነሣ አንዷ ካንዴላ የምትፈታው ከተሳፋሪው ክፍል በኩል፣ በጎማ በሚደፈን ቀዳዳ ውስጥ እጅ ተሰዶ ነው። ክራይስለር ኩባንያውን ሲይዘው የተፎካካሪውን የፎርድን ሞተር መቀጠል አልፈለገም፤ የራሱ ቪ8 ደግሞ አልገባ አለ። በ1967 ምርቱ ቆመ።

የትኛውን ሞተር ልምረጥ?

የሮቨርን አሉሚኒየም ቪ8። ሌላ አማራጭ የለም ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ባለቤቶች የጄኔራል ሞተርስን 3.4 ሊትር ቪ6 ወይም 302 የሚባለውን የፎርድ ቪ8 ይገጥማሉ፤ ሁለቱም በደንብ ይሠራሉ። ነገር ግን ለዚህች መኪና ከሮቨሩ የተሻለ የሚስማማ አላውቅም።

ሞተሩ በትውልዱ አሜሪካዊ ነው። ቢዊክ ከ1961 እስከ 1963 ሠርቶ ተወው። ሮቨር መብቱን በ1965 ገዛና በ1967 በራሱ መኪና ላይ አወጣው። ከዚያ በሬንጅ ሮቨር፣ በላንድ ሮቨርና በዲስከቨሪ ሆኖ ከ35 ዓመት በላይ ዘለቀ። መጠኑ መጀመሪያ 3,528 ሲሲ ነበር።

ኤምጂቢ ላይ መጀመሪያ ያዋጣው ኬን ኮስቴሎ የሚባል የእሽቅድምድም ሰው ነው። በራሱ ጋራዥ እየገጠመ ሲሸጥ የኤምጂ ባለቤት የነበረው ብሪቲሽ ሌይላንድ አየና በ1973 ፋብሪካው ራሱ ኤምጂቢ ጂቲ ቪ8ን አወጣ። እስከ 1976 ድረስ 2,591 ብቻ ተመረቱ፤ ሁሉም ባለ ጣሪያ ጂቲ ናቸው። ክፍቷን ቪ8 ሮቨር ኩባንያ የሠራት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከ1993 እስከ 1995፣ አርቪ8 ብሎ ነው። በባለ 3.9 ሊትሩ ሞተር 190 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ከ1,983ቱ አብዛኞቹ ጃፓን ሄዱ። እንግዲህ ዛሬ በክፍት ኤምጂቢ ላይ ቪ8 የሚገጥም ሰው ፋብሪካው በ1970ዎቹ ሳይሠራ የተወውን መኪና እየሠራ ነው። እኔን በጣም ደስ የሚለኝም ይኸው ነው።

ጉልበቷ ምን ያህል ይጨምራል?

የመጀመሪያው አራት ሲሊንደር 1,798 ሲሲ ሆኖ 95 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የፋብሪካው ቪ8 ደግሞ 137። በቁጥር ብዙ አይመስልም፤ ልዩነቱ የሚሰማው በመጎተት አቅሟ ነው። ከ149 ኒውተን ሜትር ወደ 262 ይደርሳል፣ ያውም ሞተሩ ገና 2,900 ዙር ላይ እያለ። ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ ይረሳል።

የአሜሪካን ገበያ መኪና ካለዎት ለውጡ ከዚህም ይበልጣል። ከ1975 ወዲህ ወደዚያ የተላኩት በጭስ ቁጥጥሩ ታንቀው ከ62 የፈረስ ጉልበት ብዙም አያልፉም ነበር።

ቪ8 ሲገባ አፍንጫዋ አይከብድም?

ስጋቱ ከኤምጂሲ የመጣ ነው። ፋብሪካው ከ1967 እስከ 1969 በዚችው ቦዲ ላይ 2.9 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የብረት ሞተር ገጥሞ ነበር። ከአራት ሲሊንደሩ ወደ 95 ኪሎ ይበልጣል፤ መኪናዋ መታጠፊያ ላይ መሪ አልታዘዝም እያለች ወደ ውጭ ትገፋለች ተብላ ተወቀሰች። የሮቨሩ ቪ8 ግን ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ስለሆነ ከቀድሞው የብረት ሞተር የሚጨምረው ሃያ ኪሎ እንኳ አይሞላም። አጭር በመሆኑም ወደ ኋላ ተጠግቶ ይቀመጣል። የፎርዱን 302 በብረት ቴስታታው ካስገቡ ግን ክብደቱ ይሰማዎታል።

የእኔ መኪና የትኛው ዓመት ብትሆን ይሻላል?

ለሥራው የሚቀለው ከ1974 መጨረሻ ወዲህ የመጣችው ባለ ጥቁር ጎማ ፓራውልት ናት። ሰው በመልኳ አይወዳትም፤ ነገር ግን ፋብሪካው ቪ8ቱንና አራት ሲሊንደሩን በአንድ ዓይነት ቦዲ መሥራት ስለጀመረ የሞተር ክፍሏ አስቀድሞ ለቪ8 ተዘጋጅቷል። ዋጋዋም ዝቅ ያለ ነው። የክሮም ፓራውልት ያላት ላይ ከጭስ ቱቦው አጠገብ ያለውን የውስጥ ላሜራ መቀጥቀጥ ወይም መቁረጥ ይመጣል። ይሠራል፤ ጥሩ በያጅ ግን ይፈልጋል።

ከምን ልጀምር?

ከዝገት። ሞተር ከመግዛትዎ በፊት መኪናዋን ከሥሯ ይዩአት።

ኤምጂቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ የሚሸከማት ቦዲዋ ነው። በተለይ ክፍቷ ላይ ጣሪያ ስለሌለ ጭነቱን ሁሉ የሚይዙት ከበሮቹ ሥር የሚሄዱት በላሜራ ላይ ላሜራ የተደራረቡ ሳጥኖች ናቸው። ከላይ አዲስ ቀለም ተቀብተው ከውስጥ ዱቄት የሆኑ ብዙ አሉ። ካቻቢቴ ይያዙና ከሥር በኩል ጫን እያደረጉ ይሂዱ፤ ደኅና ብረት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ጫፉን ይውጠዋል። ከዚያ በሩን ከፍተው መኪናዋን በጎን በኩል በክሪክ ያንሷት። በሩ ተመልሶ አልዘጋ ካለ፣ ወይም በበሩና በኋላው ቦዲ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ካዩ፣ ቦዲው እየታጠፈ ነው። እንዲህ ያለ ቦዲ 95 የፈረስ ጉልበትም አይገባውም። መጀመሪያ ይበየድ።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። ቪ8ቱ ከመግባቱ በፊት መኪናዋ መቆም መቻል አለባት። ፋብሪካው ለቪ8 ወፍራም የፊት ዲስክና ትልልቅ ካሊፐር ነበር የገጠመው፤ ከኋላ ታምቡሩን ትቶታል። ቢያንስ ያንን ያህል ያድርጉ፤ የፍሬን ቱቦዎቹንም በሙሉ ይቀይሩ። እርጅና ውስጣቸውን ስለሚያጠባቸው ከውጭ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ካምቢዮውስ? የድሮው አይችልም?

ለጊዜው ይችላል፤ ደስ ብሎት ግን አይደለም። ፋብሪካው በቪ8ቱ ላይ የራሷን አራት ማርሽ ካምቢዮ ተጠቅሞ፣ በሦስተኛና በአራተኛ ይሠራ የነበረውን ተጨማሪ ፍጥነት ሰጪ በኋላ በአራተኛ ብቻ እንዲሆን አድርጎታል፤ ጉልበቱ ስለከበደው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚገጥመው ኤስዲ1 ከሚባለው ሮቨር የተወሰደውን ባለ አምስት ማርሽ ነው፤ ከሞተሩ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ያለ ጣጣ ይያያዛል። አሜሪካ ያሉት ደግሞ ቦርግ ዋርነር ቲ5 የሚባለውን ካምቢዮ ይመርጣሉ። በሁለቱም ቢሆን ወለሉ መሐል ያለው ዋሻ ትንሽ መስፋት፣ ትራስሚሲዮኑም፣ ማለትም ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ፣ በልክ መቆረጥና ዳግም ሚዛን መያዝ አለበት።

ዲፈረንሻሉን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። የመደበኛዋ ጥርስ ንፅፅር 3.9 ነው፤ የቪ8ቷ 3.07። ቪ8 ገጥመው 3.9ን ከተዉት አንደኛ ማርሽ መኪናዋ ገና ሳትንቀሳቀስ ያልቃል፤ አውራ ጎዳና ላይም ሞተሩ በከንቱ ሲጮህ ይውላል። 3.07 ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ያግኙ።

ከኋላ ያለው ባሌስትራም ቢሆን በድንገት ጋዝ ሲሰጡ ይጠማዘዝና ጎማው መሬቱን መርገጥ ትቶ ይንቀጠቀጣል። ጠንከር ያለ ባሌስትራና ይህን የሚከለክል ዘንግ ይግጠሙለት።

የጭስ ቱቦው ከመሪው ጋር ይጋጫል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከሥራው ሁሉ ብዙ ሰው የሚያስመርረውም ይህ ነው። ቪ ቅርጽ ያለው ሞተር ቴስታታዎቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ስለሚቀመጥ የጭስ ቱቦው የሚወርድበትና የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት ቦታ አንድ ይሆናል። መኪናዋ ቆማ ሲያዩት ክፍተት ያለ ይመስላል። ነገር ግን ሞተር በጎማ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ጋዝ ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል፣ ቱቦውም ሲግል ይለጠጣል። ስለዚህ ቆማ እያለች ቢያንስ አንድ ጣት ያለ ችግር መግባት አለበት። መሪ ላይ «ይበቃል» የሚባል ነገር የለም።

የኔ ምርጫ አርቪ8 ላይ ሮቨር የተጠቀመበት መንገድ ነው፦ ቱቦዎቹ በውስጠኛው ላሜራ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል ወደ ጎማው ክፍል ይወጡና ወደ ታች ይወርዳሉ። ከመሪው ይርቃሉ፤ ሙቀቱንም ከኮፈኑ ሥር ይዘውት ይወጣሉ። ላሜራውን ለመቁረጥ ልብ ይጠይቃል፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን ሌላው ሁሉ ይቀላል።

ኮፈኑ ይዘጋል?

እንደ ካርቡራተሩ ነው። ኮስቴሎ ኮፈኑ ላይ ጉብታ አውጥቶለት ነበር። ፋብሪካው ሁለቱን ካርቡራተሮች ወደ ኋላ ገፍቶ ኮፈኑን ሳይነካ ዘጋው። ዛሬ ዝቅ ያለ የአየር ማስገቢያ ከአንድ ባለ አራት አፍ ካርቡራተር ጋር ይሸጣል፤ ማጣሪያው ቀጭን ከሆነ ይዘጋል።

ሙቀት አያስቸግራትም?

ያስቸግራታል፣ ካላሰቡበት። ትልቅ የአሉሚኒየም ራዲያተርና ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ያስፈልጋል፤ ፋብሪካውም ሁለት ነበር የገጠመው። ውሃ ብቻ እንዳይሞሉ። አሉሚኒየም ከውስጥ ይበላል፤ ዝገት ከልካይ ያለበትን ማቀዝቀዣ በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩ።

ያገለገለ ሞተር ስገዛ ምን ልመልከት?

ባለ 3.5 ሊትሩ ከሁሉም ታማኙ ነው። በ3.9፣ በ4.0 እና በ4.6 ላይ ሲሊንደሩን ለማስፋት በመካከሉ ያለው አሉሚኒየም ሳስቷል። ሞተሩ አንዴ በጣም ከጋለ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ከተሰካው የብረት ሸሚዝ ጀርባ ያለው ግድግዳ ሊሰነጠቅ ወይም ሸሚዙ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ምልክቱ ሲሞቅ የሚመጣ ቋሚ ቀጭን ኳኳታና ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ የማቀዝቀዣ ውሃ መጉደል ነው። የጓርኒሲዮን ችግር ነው ብሎ የሚሸጥልዎትን ሰው አይመኑ፤ ብሎኩ በግፊት ይፈተሽ።

በሁሉም መጠኖች ላይ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ውስጡን ይዩ። ጥቁር ጭቃ ከተጋገረበት ዘይቱ በወቅቱ ሳይቀየር ኖሯል ማለት ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ቶሎ የሚያልቀው ቫልቮቹን የሚከፍተው የካም ዘንግ ነው።

ሊብሬው ላይ ምን ይደረጋል?

እንደ አገሩ ነው። ብሪታንያ ውስጥ የሞተሩ ቁጥርና ሲሲ ሲቀየር ለመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ለዲቪኤልኤ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆናት መኪና ዓመታዊ ምርመራ የማይመለከታት በመሠረቱ ካልተለወጠች ነው። ፋብሪካው ለዚያው ሞዴል ይገጥመው የነበረ ሌላ ሞተር እንደ መሠረታዊ ለውጥ አይቆጠርም፤ ይህም ለሮቨሩ ቪ8 ሌላ ትልቅ ነጥብ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የ1975 እና ከዚያ በፊት የሆነች የቤንዚን መኪና የጭስ ምርመራ የለባትም። የ1976 እና ከዚያ ወዲህ ከሆነች ግን የሚገባው ሞተር ከመኪናዋ ያላነሰ ዓመት ኖሮት የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃውን ሁሉ ይዞ መግባት አለበት። መኪናዋን ገና ካልገዙ 1975 የምትለዋን መስመር ያስቡ። ጀርመን ውስጥ ማንኛውም የሞተር ለውጥ በቴክኒክ መርማሪ ታይቶ ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት።

ኢንሹራንሱም ይነገረው። ያልተነገረ ለውጥ ካሳ ያስከለክላል።

ዴንቨር ነው የምኖረው፤ ከፍታው ለውጥ ያመጣል?

አዎ። እዚያ 1,600 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር ከባሕር ጠለል ጉልበቱ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ተኩል ያህል ያጣል። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ ከተስተካከለ ቤንዚኑ በዝቶ ካንዴላው ይጠቁራል። ማስተካከያውን እዚያው በሚኖሩበት ከፍታ ያሠሩት።

ሠርቼ ወደ አገር ቤት ልላካት?

አይቻልም ብለው ያስቡ። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች።

የቀድሞውን ሞተር ልሽጠው?

በፍጹም። ዘይት አስገብተው፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነው፣ ቁጥሩን መዝግበው ያስቀምጡት። ትራያምፍ ስታግ ላይ ብዙ ሰው የሚያስቸግረውን የራሷን ቪ8 አውጥቶ ሮቨሩን አስገባ፤ ዛሬ ገዢው በብዛት የሚፈልገው የራሷ ሞተር ያላትን ነው። እውነተኛ የፋብሪካ ጂቲ ቪ8፣ ኤምጂሲ ወይም ሞተሯና ቦዲዋ ከፋብሪካ አንድ ላይ የወጡ ኦስቲን ሂሊ ካለዎት ደግሞ ጨርሶ አይንኳት። ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ተራ ኤምጂቢዎች ሞልተዋል።

ሁሉም ተገጥሟል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስነሣ ምን ልጠንቀቅ?

የዘይት ፖምፓውን። በቀደምቶቹ የሮቨር ቪ8 ሞተሮች ላይ ፖምፓው ከፊት በኩል ከዘይቱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ የሚዞር ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ከቆየ ፖምፓው ይደርቅና ዘይት መሳብ ያቅተዋል። ቁልፉን አዙረው ቢያስነሡት በደረቁ ይፈጫል፤ አዲስ ያስገቡት የካም ዘንግና ብሮንዚና በዚያችው ደቂቃ ይጎዳል።

መድኃኒቱ ቫዝሊን ነው። የፖምፓውን ክዳን ይፍቱና በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት በቫዝሊን ጥቅጥቅ አድርገው ይሙሉ። ግራሶ አይደለም፤ ግራሶ በዘይቱ ውስጥ ስለማይሟሟ ቀጭኖቹን መንገዶች ይዘጋል። ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩን አውጥተው በቀዳዳው ረጅም ካቻቢቴ መሳይ ዘንግ በትራፓኖ ይዘው ፖምፓውን ያዙሩት። መጀመሪያ ያለ ችግር ይዞራል፤ ከዚያ በድንገት ትራፓኖው ሲከብድና እጅዎን ሲጠመዝዝ ይሰማዎታል። ያኔ ዘይቱ ይዟል። ጌጁም ከፍ ይላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በመጡት ላይ ፖምፓው በቀጥታ በክራንኩ ስለሚዞር በትራፓኖ አይሠራም፤ ቫዝሊኑ ግን እዚያም ይደረጋል።

አዲስ የካም ዘንግ ካለ፣ ልክ እንደተነሣ በዝቅተኛ ዙር አይተዉት፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል ወደ 2,000 ዙር ላይ ይያዙት። በዚያ ጊዜ አንድ ሰው ሥር ሥሩን ፍሳሽ ይመልከት፣ ሌላው ከሙቀት ጌጁ ዓይኑን አያንሣ።

ከዚያስ?

መጀመሪያ ሲወጡ ቅርብ መንገድ ይምረጡ። ሲመለሱ ሞተሩ ገና እንደጋለ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረው ከጭስ ቱቦው ጋር የተነካካበት ምልክት ካለ በባትሪ ብርሃን ይዩ። የሞተር መቀመጫና የትራስሚሲዮን ብሎኖችን በሙሉ ዳግም ያጥብቁ፤ አዲስ ጎማ መቀመጫ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ስለሚሰምጥ የጠበቀው ይላላል። የመጀመሪያውን ዘይት በ800 ኪሎ ሜትር ይቀይሩትና ማጣሪያውን ቆርጠው ውስጡን ይመልከቱ፤ የብረት ብናኝ ካለበት፣ ምንጩን ሳያገኙ አይንዱት።